ይሄ ከማን እጅ መጣ? ስለ ሙዚየም ለጠየቃችሁን

ባለፈው ወር በዚሁ አምድ «ደሴና ዙሪያዋ ያላችሁ ሰዎች፣ አጠገባችሁ ያለውን ሙዚየም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ግቡ እንጂ» ብዬ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ከዛ ወዲህ በቴሌግራምም በስልክም የመጣው ጥያቄ ብዙ ስለሆነ ለዚህ ወር ያሰብኩትን ርዕስ ትቼ አምዱን በሙሉ ለሱ ሰጠሁት። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ፣ ስማችን አይጻፍ ላላችሁም አልጻፍኩም።

ሰላም ናችሁ? የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፣ የሶስት ልጆች አባት ነኝ፣ ትልቁ 13 ትንሿ 6። ባለፈው አዲስ አበባ ስንሄድ ብሔራዊ ሙዚየም ወሰድኳቸው፣ ግማሽ ሰአት ሳይሞላ «አባ እንሂድ» አሉኝ። ለከፈልኩት ብር አይደለም፣ ለነሱ ነው ያዘንኩት። አሁን ደሴ ሙዚየም ልወስዳቸው አስቤ እንደዛ እንዳይሆን ፈራሁ። ምን ባደርግ ይሻላል?

ወንድሜ አብሽር፣ ልጆችህ ምንም አልሆኑም። እኔም በነሱ እድሜ እንደዛው ነበርኩ። አራተኛ ክፍል እያለን ት/ቤት ሙዚየም ወሰደን፣ በሰልፍ ገባን በሰልፍ ወጣን፣ ከዛ ሁሉ ነገር ጆሮዬ ላይ የቀረችው «አትንኩ!» የምትለዋ ብቻ ናት።

ሙዚየም ያስወደደችኝ አያቴ ናት። ፊደል አልቆጠረችም። አንድ ቀን ለህክምና ከገጠር መጥታ ቀጠሮው ወደ ከሰአት ሲተላለፍባት፣ ፀሀይ ላይ ከምትቀመጥ ብዬ ሙዚየም ይዣት ገባሁ፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ጋሻውን አለፈች ጎራዴውን አለፈች፣ አንድ መሶብ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። ነጠላዋን ወደ ኋላ አደረገች፣ ጎንበስ ብላ ታየዋለች፣ ዝም ብላ ታየዋለች፣ እኔ ደክሟት መስሎኝ ወንበር ልፈልግላት ስል «ይቺን የሰፋቻት ሴት ግራኝ ናት» አለችኝ። እንዴት አወቅሽ ስላት አክርማው የዞረበትን አቅጣጫ በጣቷ አየር ላይ እያዞረች አሳየችኝ፣ በቀኝ እጅ ወስፌ የምትይዝ ሴት ስፌቷ በአንድ በኩል ነው የሚዞረው፣ የዚች ግን በተቃራኒው ነው። ቀጠለችና «እዚህ ጋ ደግሞ ቀዩ አለላ አልቆባታል፣ አየሽ፣ ሌላ ነክራ ነው የጨረሰችው፣ እኩል አልወጣላትም» አለች። እውነትም ሁለት ቀይ ነው፣ አንዱ ደመቅ ያለ አንዱ ደብዘዝ ያለ። እኔ ያን መሶብ ስንቴ አልፌዋለሁ መሰላችሁ።

ከዛ ወደ አስጎብኚው ዞር ብላ «ልጄ፣ ይሄ ከማን ቤት መጣ?» አለችው። ልጁ መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ካርድ አየ፣ ካርዷ ላይ የተጻፈው «መሶብ» ብቻ ነው። እሷ ግን ሴትዮዋን ልታገኛት ምንም አልቀራትም ነበር፣ እጇን አወቀች፣ የቸገራትን ቀን አወቀች፣ ስሟና አገሯ ብቻ ነው የጎደለው። እሱን ደግሞ አንድ ሰው እቃውን የተቀበለ ቀን ጠይቆ ቢጽፍ ኖሮ ዛሬ እናውቀው ነበር።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ልጆችህ ሙዚየሙን «እንዲጨርሱ» አትፈልግ። እያንዳንዳቸው አንድ እቃ ይምረጡ፣ አንድ ብቻ፣ ትንሿም ራሷ ትምረጥ። ወረቀትና እርሳስ ስጣቸው ይሳሉት፣ ሲስሉ ነው የሚያዩት። ከዛ ከምን ተሰራ፣ ማን ሰራው፣ ማን ሲይዘው ኖረ፣ እዚህ እንዴት መጣ ብለው አስጎብኚውን ይጠይቁት። መልስ ካጡ እንኳን ጥያቄውን ይዘው ይውጡ፣ ማታ እራት ላይ ይቀጥላል። ከአንድ ሰአት በላይ አትቆዩ። እና ከተቻለ እናትህን ወይ አማትህን ይዘሃቸው ሂድ፣ ቀንበርና ሞፈር፣ የእጅ ወፍጮና መጅ፣ ባናና አገልግል ለልጆችህ እቃ ነው፣ ለእናትህ ግን እድሜዋ ነው። ካርድ ላይ የሌለውን እሷ ትነግራቸዋለች፣ እርፍና ድግርን የማይለይ የከተማ ልጅ የዛን ቀን ይለያል።

ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት በሩ ላይ ቆም በሉ፣ የደሴ ሙዚየም ያለበት ቤት ራሱ ቅርስ ነው። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ነበር፣ ስለዚህ ጥያቄውን ከቤቱ መጀመር ይቻላል፣ እዚህ ማን ተኛ፣ ማን በላ፣ በየትኛው በር እንግዳ ገባ።

ሌላ ቀን ደግሞ (በአንድ ቀን አይደለም!) አይጠየፍን አሳያቸው፣ የንጉስ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ። ስሙን ለልጅ ማስረዳት ቀላል ነው፣ ማንንም የማይጠየፍ፣ ሁሉ የሚበላበት ማለት ነው። ንጉስ ሚካኤል ቀድሞ መሀመድ አሊ ነበሩ፣ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ነው ክርስትና ተነስተው ሚካኤል የተባሉት፣ በ1906 ንጉስ ተብለው ዘውድ ጫኑ፣ በ1909 ጥቅምት ላይ ሰገሌ ተሸነፉ። የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው፣ የእቴጌ መነን እናት ወይዘሮ ስሂን ደግሞ ልጃቸው ናቸው፣ ትልቁ ልጅህ ወይዘሮ ስሂን ት/ቤትን ካወቀ ስሙ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ይገባዋል። አንድ ነገር ግን ልለምንህ፣ ከመሄድህ በፊት ደውል ወይ ሰው ልከህ አስጠይቅ፣ የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነና በስንት ሰአት እንደሚዘጋ። ልጅ ይዞ ከኮምቦልቻ ዳገቱን ወጥቶ የተዘጋ በር ማየት ልብ ይሰብራል።

ልጄ 9 አመቱ ነው፣ ዳይኖሰር ዳይኖሰር ይላል ቀን ከሌት። ወሎ ውስጥ የዳይኖሰር አጥንት የሚታይበት ሙዚየም አለ ወይ? ድንቅነሽስ የወሎ ናት የሚሉት እውነት ነው? (እናት፣ ከደሴ ፒያሳ)

ለልጅሽ እውነቱን ንገሪው እህቴ፣ ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም። ጦሳ ተራራ ላይ የምታዩት ጥቁር ድንጋይ ከመሬት ስንጥቅ ፈልቶ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተነባበረ ይሄን ሁሉ ተራራ የሰራው ዛሬ 30 ሚሊዮን አመት ገደማ ነው። ዳይኖሰሮች የጠፉት ደግሞ ከ66 ሚሊዮን አመት በፊት ነው። ስለዚህ ጦሳ ሲወለድ ዳይኖሰር ካለቀ ቆይቷል ማለት ነው። ልጅሽ ሁለቱን ቁጥር ይቀናንሳቸው፣ ልዩነቱን ራሱ ያግኘው።

የተፈጥሮ ታሪክ ለማየት ግን ወሎ ላይ ጣራ ያለው ቤት መጠበቅ የለባችሁም፣ መንገዱ ራሱ ያሳያችኋል። ከደሴ ተነስታችሁ በኮምቦልቻ አድርጋችሁ ባቲ ስትወርዱ ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,500 ሜትር ነው የምትወርዱት፣ ጆሮ ይደፍናል፣ ሹራብ ይወልቃል፣ ዛፉ ይቀየራል፣ ባህር ዛፉ ቀርቶ ግራር ይመጣል፣ ሰኞ ከሆነ ደግሞ የባቲ ገበያ ላይ ደገኛውና ቆለኛው ሲገናኝ ታያላችሁ። ያ ቁልቁለት መሬት የተሰነጠቀችበት የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው። እዛ ላይ መኪና አስቁማችሁ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ብታዩ ልጅሽ በመጽሐፍ ያየውን ስእል በአይኑ ያየዋል።

ድንቅነሽም ከዛው ቁልቁለት በታች ናት የተገኘችው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ሐዳር ላይ ስትገኝ ቦታው በዛን ጊዜ አከላለል ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበር፣ ዛሬ አፋር ክልል ነው። የወሎ ናት የሚሉት በዚህ ነው፣ የአፋር ናት የሚሉትም ልክ ናቸው፣ 3.2 ሚሊዮን አመት ለሆናት ሴት ክፍለ ሀገርም ክልልም የትናንት ነገር ነው። አጥንቷ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ነው የሚቀመጠው፣ ለጎብኚ የሚታየው ቅጂው ነው፣ ዋናው ተቆልፎ ይጠበቃል፣ ይሄን ቀድመሽ ንገሪው በኋላ እንዳያዝን። አራት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢ ውስጥ ደግሞ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ፣ አዲስ አበባ ከሄዳችሁ እሱንም እንዳታልፉት።

እስከዛው ጭላዳ አሳዪው! ሳር ግጦ የሚኖር ዝንጀሮ መሰል እንስሳ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ የትም የለም፣ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ እየነጨ ሲበላ ብታይው ጎመን የምትቀጥፍ ሴት ይመስላል። ቦረና ሳይንት አካባቢ ባለው ብሔራዊ ፓርክና አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ደግሞ ቀይ ቀበሮም አለ፣ እሱ በአለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም ነው የሚባለው። ዳይኖሰር ያለቀበትን ምክንያት የሚጠይቅ ልጅ ይሄኛው እንዳያልቅ ምን ይደረግ ብሎ ይጠይቃል።

አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን ከረማችሁ። እኔ ወረኢሉ አካባቢ ነው ያለሁት፣ 67 አመቴ ነው፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ባለቤቴ ካለፉ 4 አመት ሆነ፣ አላህ ይዘንላቸው። ከአያታቸው የመጣ የቆዳ ጋሻና ጎራዴ አለ፣ በኔ በእናቴ በኩል ደግሞ በእጅ የተጻፈ ኪታብ አለ፣ ዳሩን ምስጥ ነካክቶታል። ባለፈው አንድ ሰው መጥቶ በደህና ብር ልግዛችሁ አለ፣ ከየት እንደመጣም አላወቅነው። ልጆቼ ሽጪውና ቤቱን እናድስ ይላሉ። ለሙዚየም ይሰጥ የሚሉም አሉ። እኔ ግራ ገባኝ።

ወአለይኩም ሰላም እማማ። ደብዳቤዎትን ሁለት ሶስቴ ነው ያነበብኩት፣ በጣም ነው የነካኝ፣ ለልጅ ልጅዎም ምስጋናዬን አድርሱልኝ።

መጀመሪያ ልብዎ ይረፍ፣ እቃው በቤትዎ መኖሩ ጥፋት አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚባለው ህግ ሰው በግሉ ቅርስ መያዝ እንደሚችል ይቀበላል፣ ግን የያዘ ሰው ይጠብቅ፣ ያስመዝግብ ይላል። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ደግሞ ክልክል ነው። ስለዚህ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ፣ ለማን እንደሚገዛም የማይናገር ሰው በደህና ብር ልግዛ ሲል ይጠንቀቁ። ብሩ ያልቃል፣ ጋሻው የት እንደደረሰ ግን ሰባት ትውልድ ቢጠይቅ አይገኝም። ከእጅዎ ወጥቶ በድብቅ ድንበር ቢሻገር ደግሞ ለርስዎም ጣጣ ነው። ልጆችዎ ቤት እናድስ ማለታቸው አይፈረድባቸውም፣ ኑሮው ከባድ ነው፣ ግን ለዚህ ሰውዬ አይሽጡ፣ እኔ እናቴ ብትሆኑም የምለው ይሄንኑ ነው።

የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽ/ቤት ሄደው ያስመዝግቡ። ማስመዝገብ ማለት መስጠት አይደለም፣ ብዙ ሰው ይወሰድብኛል ብሎ ስለሚፈራ ነው ደግሜ የምለው። እንዲያውም ተመዝግቦ ፎቶው ከተቀመጠ ቢሰረቅ እንኳን የርስዎ መሆኑን ማሳየት ይቻላል። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ከቤተ መድኃኔዓለም ተሰርቆ ቤልጂየም ድረስ ሄዶ ነበር፣ መስቀሉ ሰው የሚያውቀው መስቀል ስለነበረ ያ ነው ተብሎ አገሩ ተመልሷል። ማንም የማያውቀው፣ ፎቶ የሌለው እቃ ግን አንዴ ከጠፋ ምን ተብሎ ይፈለጋል?

ለሙዚየም እሰጣለሁ ካሉ በጣም ጥሩ፣ ግን በቃል አይስጡ። በስጦታ ነው ወይስ በውሰት፣ የሰጪው ስም፣ የእቃው ዝርዝር፣ ቀን፣ ፊርማና ማህተም ያለበት ወረቀት ይቀበሉ። ካርዱ ላይ የባለቤትዎና የእናትዎ ስም እንዲጻፍ ይጠይቁ፣ አይፈሩ፣ መብትዎ ነው። እኔ የአያቴን ጥያቄ እስካሁን አልረሳሁትም፣ ስሟ ተጽፎ ቢሆን ያቺ ግራኝ ሴት ዛሬ ስም ይኖራት ነበር።

እስከዛው ድረስ እቃውን በተመለከተ፣ እባክዎ አያሳምሩት። ጎራዴውን በሎሚና በአመድ ማሸት፣ ጋሻውን ቅቤ መቀባት፣ ኪታቡን ፀሀይ ላይ ማስጣት፣ የተቀደደውን በፕላስተር መለጠፍ፣ እነዚህ ሁሉ በቅንነት የሚደረጉ ናቸው ግን ይጎዱታል፣ ፕላስተሩ ሙጫው ወረቀቱ ላይ ይቀርና በኋላ የሚጠግነው ባለሙያ ይቸገርበታል። ኪታቡን ከጭስ ቤት ያውጡት፣ ከግድግዳውና ከመሬቱ ራቅ አድርገው ደረቅ ቦታ ላይ ያስቀምጡት፣ በንጹህ ነጭ ጨርቅ ይጠቅልሉት፣ በፌስታል አይሁን፣ ፌስታል እርጥበት ያፍናል። ምስጥ ካለ አልፎ አልፎ ገልጦ ማየት ነው፣ መድሃኒት ግን አይርጩበት።

እና ከሁሉ በፊት፣ ዛሬ ማታ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ የልጅ ልጅዎ ሞባይሏን ትክፈትና እርስዎ ይናገሩ፣ ትቅዳዎት። ጋሻው የማን ነበር፣ የት ዘምተውበት ነበር፣ ከማን ወደ ማን ተላለፈ፣ ኪታቡን እናትዎ መቼ ነበር የሚያወጡት፣ ወዳጃ (ሰው ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት) ሲሆን ነው ወይስ መውሊድ ላይ፣ ማን ነበር የሚያነበው፣ ዳር ዳሩ ላይ በአማርኛ የተጻፈ መንዙማ አለ ወይ። በእስልምናውም በክርስትናውም ከሁለት ወገን የመጣ እቃ አንድ ሳጥን ውስጥ መተኛቱ ወሎ ውስጥ ብርቅ አይደለም፣ ግን ይሄንንም የሚጽፍ ሰው ከሌለ ከሀምሳ አመት በኋላ ማንም አያምነውም። ጋሻው ከርስዎ በኋላም ይኖራል፣ የርስዎን ድምጽ ግን አሁን ካልያዝነው አናገኘውም እማማ፣ አላህ እድሜዎን ያርዝመውና።

ሙዚየም ውስጥ ፎቶ ማንሳት ለምን ይከለከላል? ፎቶ ምን ይጎዳል? (ከወልዲያ)

ሁሉም ቦታ አይከለከልም፣ መጠየቅ ነው። ብልጭታው (ፍላሹ) ነው ዋናው ጉዳይ፣ የቆየ ቀለም፣ ብራናና የተነከረ ጨርቅ ብርሃን እያደበዘዘ ይወስደዋል፣ አንድ ጊዜ ያነሳኸው ብዙም ላይጎዳ ይችላል ግን በቀን ስንት ሰው እንደሚያነሳ አስበው። ፍላሹን አጥፋና አስጎብኚውን ጠይቀህ አንሳ። ካነሳህ ደግሞ የእቃውን ካርድም አብረህ አንሳው፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን መልስ ስታነብ ለምን እንደሆነ ይገባሃል።

እውነት እንነጋገር፣ የደሴ ሙዚየም በጦርነቱ ተዘርፏል። ባዶ ቤት ገብተን ምን እንድናይ ነው የምትመክሩን? (የደሴ ልጅ፣ አሁን አዲስ አበባ)

ተዘርፏል፣ እውነት ነው። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ላይ ከተማዋ የሆነችውን ሁሉም ያውቃል፣ ሙዚየሙም አልቀረለትም። ንዴትህ የኔም ነው። ግን «ባዶ ቤት» ያልከውን ልከራከርህ።

ወሎ ሲዘረፍ ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። መቅደላ እዚሁ ደቡብ ወሎ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860፣ የፋሲካ ማግስት፣ አፄ ቴዎድሮስ ሲሰዉ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘርፎ የጫነው በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ነው። ከዛ ውስጥ 350 ያህል የብራና መጽሐፍ ለንደን ገባ፣ 11 ታቦት እስካሁን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አለ። ልጅ አለማየሁም አብሮ ተወሰደ፣ በ1872 እዛው እንግሊዝ አገር አረፈ፣ ዊንዘር ነው የተቀበረው። የቴዎድሮስ ጸጉር እንኳን ተቆርጦ ተወስዶ ነበር፣ እሱ በ2011 ተመልሷል። ጸጉሩ ከ150 አመት በኋላ የተመለሰው የማን እንደሆነ ተጽፎ ስለተቀመጠ ነው፣ ስም የሌለው አንድ ቁራጭ ጸጉር ቢሆን ኖሮ ማን ይጠይቀው ነበር። ሴባስቶፖል ግን እዛው መቅደላ ላይ አለ፣ ጋፋት ተሰርቶ በሰው ጉልበት ያን ሁሉ ተራራ የወጣ መድፍ ነው፣ ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው። እሱን መጫን ስላልተቻለ ቀረ፣ የቀረው አንድ ከባድ ብረት የተወሰደውን ሁሉ ያስታውሳል፣ እኔ ሳየው አልቅሻለሁ።

ስለዚህ ሙዚየሙ ስትገባ የጎደለውንም ጠይቅ። እዚህ ጋ ምን ነበር፣ ከማን የመጣ ነበር በል። እንደኔ ከሆነ ባዶ የቀረ መስታወት ካለ ባዶነቱ ተሸፍኖ መቅረት የለበትም፣ እዛው ላይ «ይህ ነበር» ተብሎ ይጻፍበት።

ሌላው ደግሞ አንተ አዲስ አበባ ቁጭ ብለህ ልታደርገው የምትችለው ነገር ነው። ከ2014 በፊት ሙዚየሙን ጎብኝታችሁ ፎቶ የተነሳችሁ ሰዎች፣ የት/ቤት ጉዞ ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ እንግዳ ስታስጎበኙ፣ ያንን ፎቶ ፈልጉት። እናንተ መሀል ላይ ፈገግ ብላችሁ ቆማችኋል፣ ከኋላችሁ ግን አንድ ጋሻ ወይ አንድ ዘውድ ወይ አንድ መጽሐፍ ይታያል። ያቺ ደብዛዛ ጥግ ለጠፋው እቃ ማስረጃ ትሆናለች፣ ነገ የሆነ አገር ለጨረታ ሲወጣ «ይሄ የኛ ነው» የሚባልባት። ፎቶውን ከነቀኑ፣ ማን እንዳነሳው ጽፋችሁ ለሙዚየሙ ወይ ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ስጡ። አልበም ውስጥ ያለውን የወረቀት ፎቶም ጭምር። ዛሬውኑ አልበማችሁን ገልጡ፣ እባካችሁ ብዬ ነው የምለምናችሁ።

የ7ኛ ክፍል የማህበራዊ ሳይንስ መምህር ነኝ፣ ሐይቅ ከተማ። ተማሪዎቼን ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለውን ቅርስ ላሳያቸው እፈልጋለሁ፣ ግን ሴት አይገባም፣ ግማሹ ተማሪ ሴቶች ናቸው። ወንዶቹን ብቻ ብወስድ ልክ ነው?

መምህር፣ ጥያቄውን በማንሳትህ ብቻ ተማሪዎችህ እድለኞች ናቸው። የገዳሙ ስርአት ይከበር፣ ግን ትምህርቱ በር ላይ እንዳይቀር። ሁሉንም ይዘሃቸው ሀይቁ ዳር ሂድ። ከአርዲቦ ሀይቅ በአንከርካ ወንዝ ውሃ ይገባበታል፣ የሚወጣበት ወንዝ ግን የለም፣ ይሄ ራሱ አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። አፈ ታሪኩንም ከሽማግሌ ይስሙ፣ አንዲት እርጉዝ ሴት በንጉስ ልጅ ተበድላ እግዜር ተቆጥቶ ዙሪያውን ውሃ እንዳደረገው፣ እሷ የተቀመጠችባት ብቻ ደረቅ ሆና እንደቀረች የሚባለውን። ገዳሙ ያለው እዛች ደረቅ መሬት ላይ ነው ይባላል፣ ይሄን ለሴት ተማሪዎችህ ሳትነግራቸው አትለፍ።

ከዛ ክፍል ውስጥ ስለ አባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል አስተምራቸው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ በ1280 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል ነው፣ አገራችን ውስጥ ዘመናቸው ከሚታወቅ ስእል ያላቸው ብራናዎች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ዘመኑ የታወቀው ማን እንደሰጠውና መቼ እንደሰጠው እዛው መጽሐፉ ላይ ስለተጻፈ ነው። ከ700 አመት በፊት የነበረ መነኩሴ ያደረገውን ዛሬ ሞባይል የያዝን ሰዎች አላደረግንም። እና የቤት ስራ ስጣቸው፣ ወንዱም ሴቱም ከየቤታቸው አንድ የቆየ እቃ መርጠው (ማምጣት አይጠበቅባቸውም፣ ሊሰበር ይችላል) በግማሽ ገጽ ወረቀት ታሪኩን ይጻፉ፣ ግድግዳው ላይ ለጥፈው። 60 ተማሪ ካለህ 60 ካርድ ያለው ሙዚየም አለህ ማለት ነው። ካርዶቹ ላይ «መሶብ» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ካለ መልስለት።

ወገል ጤና ነው ያደግኩት። አጎቴ ከደላንታ ገደል ያወጣትን አንድ ኦፓል ሰጥቶኝ ነበር፣ ቀለሟ እሳት የመሰለ። ላጥባት ብዬ ውሃ ውስጥ ባሳድራት ጠዋት እንደ ብርጭቆ ሆና ቀለሟ ጠፋ! አበላሸኋት ማለት ነው? ለሙዚየም ልሰጣትስ አስቤ ነበር፣ አሁን ይቀበሉኛል?

አላበላሸሃትም፣ ተረጋጋ። የደላንታ ኦፓል ብዙው ውሃ ይጠጣል፣ ውስጡ በጣም ደቃቅ ክፍተት አለው፣ ውሃው ሲሞላው ታልፎ የሚታይ ሆኖ ቀለሙ ይደበቃል፣ ብትመዝናትም ከብዳ ታገኛታለህ። ሲደርቅ ይመለሳል። ግን አታቻኩላት፣ ፀሀይ ላይ ወይ ምድጃ አጠገብ አታስቀምጣት ልትሰነጠቅ ትችላለች፣ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለህ ጥላ ቦታ ተዋት፣ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ዘይትና ቅባት እንዳታስነካት፣ ውሃ የጠጣ ድንጋይ ዘይትም ይጠጣል፣ ዘይት ደግሞ እንደ ውሃ አይተንም። ሳሙናም ሽቶም አይንካት።

ለሙዚየም ልስጥ ማለትህ ደስ ብሎኛል። የወገል ጤናው ኦፓል ከተገኘ 2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየአገሩ ቀለበት ላይ ሆኖ ይታያል፣ ከየትኛው ገደል ማን እንዳወጣው የሚታወቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አጎትህ ጋ ደውል። የትኛው ገደል እንደሆነ በአካባቢው ስም፣ ከጫፉ ስንት ሜትር ያህል ወርዶ እንዳገኛት፣ በገመድ ነው ወይስ ዋሻ ቆፍሮ፣ ከላይና ከታች ያለው ድንጋይ ምን አይነት እንደነበር፣ በየትኛው ወር፣ አብሮት ማን ነበር። ሁሉንም ጻፈውና የአጎትህን ስም ከላይ አድርግ። ወረቀቷን ከድንጋይዋ ጋር አንድ ትንሽ ካርቶን ውስጥ አስቀምጣት፣ ስትደርቅና ቀለሟ ሲመለስ ይዘሃት ሂድ።